ሄዱን ሳያዩ ብሎን የማይነኩ ባለሙያ፦ የድሬዳዋ የቴፕ ጥገና ቤት

አባቴ በ1970ዎቹ ሐረር ውስጥ ሠርግ ቤት እየዞሩ የቀዷቸው ካሴቶች እኔ ዘንድ ይገኛሉ። ዘንድሮ ወደ ኮምፒውተር ልገለብጣቸው ስሞክር ድምፁ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ወሬ ታፍኖ ወጣ። መጀመሪያ ያሳየሁት ጠጋኝ ከሄዱ (ክሩ ላይ የተቀዳውን ድምፅ ከሚያነበው የቴፑ ክፍል) ጎን ያለችውንና ዝንባሌውን የምታስተካክለውን ብሎን አዙሮ ሲያበቃ «ካሴቱ አርጅቷል» ብሎ መለሰልኝ። በዚህ ምክንያት ቴፔን ይዤ የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ክፍል ጥገና ቤት ሄድኩ።

አንጋፋው ባለሙያ ክዳኑን እንደከፈቱ ካቻቢቴ አላነሡም፤ በማጉያ መነጽር ሄዱን አይተው ጥፍራቸውን ከላይ ወደ ታች በፊቱ ላይ አሳለፉና «ንካው ልጄ» አሉኝ። ክሩ ከሚያልፍበት ጠርዝ ላይ ጥፍሬን ያዝ አደረገው። 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክር ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ ሲፈገፍግ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ በድሬ አቧራማ አየር ደግሞ ይብስበታል።

ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ፣ 10,000 ኸርዝ የሆነ ቀጭን ድምፅ ክሩ ላይ የሚይዘው ርዝመት 5 ማይክሮ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በዓይን የማትታይ እድፍ ክሩን ከሄዱ ብታርቀው ወይም ሄዱ በጥቂቱ ቢያዘነብል አስቀድሞ የሚጠፋው ትሬብሉ፣ ማለትም ቀጭኑ ድምፅ ነው።

ሄዱን በጥጥና በንጹሕ አልኮል፣ ክሩን የሚጎትተውን ጎማ ግን እንዳይደርቅ በሳሙና ውኃ ጠረጉ። ሄዱ ላይ የቀረውን ማግኔት ከማጥፋታቸው በፊት ቴፑን ከመብራት ነቅለው ካሴቶቼን ከክፍሉ አስወጡኝ፤ ማግኔት ማጥፊያ መሣሪያውንም ያጠፉት ቀስ እያሉ አንድ ሜትር ያህል ካራቁት በኋላ ነው፣ እዚያው አጠገቡ ቢጠፋ ሄዱን መልሶ ማግኔት ያደርገዋልና። በመጨረሻ ካሴቱ እየዘፈነ ያቺን የተዛባች ብሎን በትንሽ በትንሹ ሲያዞሩ፣ ደንዝዞ የነበረው የሴቶቹ እልልታ ድንገት ጥርት ብሎ ወጣ። ይህን ለመስማት ስንት ወር ለፍቻለሁ።

ሄዱ በብርጭቆ ወረቀት ይወልወል እንደሆነ ስጠይቃቸው አጥብቀው ከለከሉኝ፤ ትክክል ናቸው። የተበላ ሄድ በሙያው መሣሪያና በልክ ካልተስተካከለ ድምፁን የሚያነብበት ቀጭን ስንጥቅ ይሰፋል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ዓይነት ጠረጋ አይመልሰውም። የእኔው ለጥቂት ጊዜ ማጫወት እንደሚችል፣ ከዚያ ግን መቀየር እንዳለበት ሳይሸሽጉ ነገሩኝ።

ቅሬታ አለኝ። ለሁለት ሰዓት ሥራ ዘጠኝ ቀን አስጠብቀውኛል፤ ደረሰኝም አልሰጡኝም፤ መቀየሪያ ሄድ የሚያገኙት ከተጣሉ ቴፖች ስለሆነ ምን ያህል እንደተበላ ሳያስመረምሩ መግዛት አይገባም። ቤቱ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘጋ ጠዋት መሄድ ይሻላል። የሄዱ ዝንባሌ የሚስተካከለው በሚገለበጠው ካሴት ልክ ስለሆነም፣ ቴፑን ብቻ ሳይሆን ካሴቱንም ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።