ለዓሣ ፎቶ የምትሆን ባለቻርጅ ኤልኢዲ መብራት

ደሴ ላይ ቤቱ ጉፒ የምትባለውን ትንሽ የገንዳ ዓሣ ለሚያረባና ፎቶ ለሚያነሳ ሰው፣ ይህች መዳፍ የምታክል መብራት ከካሜራ ፍላሽ እጅግ ትሻላለች። ፍላሽ ከፊት ሲበራ መስታወቱ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ይተዋል፤ እሷ ግን የገንዳው ክዳን ላይ ተቀምጣ ከላይ ስለምታበራ የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ይለያል።

የደሴ ብርድ ግን ያስቸግራል፦ ውኃው 25 ዲግሪ ሲሞቅ የመስታወት ክዳኑ ከውስጥ ጤዛ ይቋጥርና ብርሃኑን ይበታትናል። መጀመሪያ እሱን ይጥረጉ። የክፍሉን መብራት አጥፍተው ሌንሱን ወደ መስታወቱ ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ካዘነበለ ምስሉ ይደበዝዛል። ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅሙ) 800 ጥሩ መነሻ ነው።

ትልቁ ጉድለቷ ብርሃኗ ሲቀነስ ነው፤ ለዓይን ባይታወቅም ብልጭ ድርግም ስለምትል ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ሙሉ ለሙሉ አብርተው፣ ከበዛ ከክዳኑ ከፍ ያድርጓት።