አፍንጫዋን ያየችልን ዶክተር

ሰላም ቤተሰብ፣ እኔ ፖስት ማድረግ ብዙም አልወድም፣ ግን ይሄን ሳልፅፍ ብቀር ህሊናዬ አይተወኝም፣ እማዬም "ፃፍሽው ወይ?" እያለች በየቀኑ ልታሳብደኝ ነው። ምስጋናው ምኒልክ ሆስፒታል አይን ክፍል ላለችው አንዲት ወጣት ሬዚደንት ዶክተርና አብራት ለነበረችው ሲስተር ነው። ስማችሁን ሳላስፈቅድ አልፅፍም፣ ግን ግንባሯን በነጠላ ሸፍና የመጣችው ሴትዮ ልጅ ነኝ ስላችሁ ታስታውሱኛላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። እማዬ ግራ ግንባሯን እሳት የነካት ያህል ያቃጥላት ጀመር፣ ምንም የሚታይ ነገር የለም፣ ትራስ ሲነካት እንኳን ትጮሃለች። በሁለተኛው ቀን ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ከፀጉሯ ስር ጀምሮ ቅንድቧ ድረስ ወረደ፣ ሁለት ፍሬ ደግሞ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ። ሰፈሩ ሁሉ ሀኪም ነው መቼስ፣ አንዷ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታ መጣች፣ ሌላዋ "አይ ይሄ አልማዝ ባለጭራ ነው" አለች። (ሁለተኛዋ ልክ ነበረች፣ እትዬ ይቅርታ ያኔ ስላልሰማሁሽ።) ሽፍታው እየደረቀ ሲመጣ አይኗ ቀላ፣ ብርሃን ማየት አቃታት፣ መጋረጃ ዘግታ ጨለማ ውስጥ መዋል ጀመረች።

ከዚያ በኋላ የተንከራተትነውን ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። አንድ መድሃኒት ቤት እማዬን ቀና ብሎ ሳያያት "ለቀላ አይን ነው" ብሎ ጠብታ ሸጠልን፣ ስንት ቀን ትጠቀም፣ ምን ትጠንቀቅ የለም። ሁለተኛው ቦታ "እድሜ ነው እናት፣ አለርጂም ሊሆን ይችላል" ተባለች። ሶስተኛው፣ ወረፋ ጠብቀን፣ ለካርድ ብቻ ኪሳችንን አራግፈን የገባንበት፣ ሰውዬው ስልኩን በአንድ እጁ እየነካካ በባትሪ ብልጭ አድርጎ አየና "ሞራ ነው፣ ኦፕራሲዮን" አለን፣ የሌንሱን ዋጋ ሳይቀር ወረቀት ላይ ፅፎ ሰጠን። ግንባሯን የሸፈነችበትን ነጠላ ገለጥ እንኳን አላደረገም። ሁሉም ያቺን አንድ አይን ብቻ ነው የሚያዩት፣ አይኗ ሰው ላይ የተተከለ አይመስላቸውም።

ህዳር ሚካኤል ሰሞን ጠዋት መስኮት ጋር አስቀምጬ ፊቷን ሳጥባት፣ ብሌኗን የሚከበው ቡናማው ላይ፣ ከታች በኩል አንድ ቁራጭ ገርጥቶ አየሁ። ሻይ ላይ ወተት ጠብ ያለ ነው የሚመስለው። መስታወት ስሰጣት "በስተርጅና ፈረንጅ ልሆን ነው እንዴ?" ብላ ሳቀች። እኔ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። አንዷ ጎረቤት ደግሞ አይታ "ይሄማ የሰው አይን ነው" አለች፣ ያው ታውቃላችሁ። በነጋታው ከጤና ጣቢያ ሪፈር አፅፈን ምኒልክ ሄድን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እማዬ ወገቧ ጎበጥ ያለ ስለሆነ እዚያ አገጭ የሚያስደግፉበት መሳሪያ ላይ መቆየት አልቻለችም፣ ትንሽ ቆይታ ትንሸራተታለች። ቀደም ብለን የሄድንበት ቦታ ለዚሁ ተጮሆባት ነበር። ሲስተሯ ምንም ሳትል ከኋላ መጥታ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ደረቷን ለእማዬ ጀርባ መደገፊያ አድርጋ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ቆመች። አልደከማትም አልልም፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ዶክተሯ ግን መሳሪያው ጋር ከመድረሷ በፊት ነው እኔን የገረመችኝ። ወንበሯን ስባ እማዬ ፊት ለፊት ተቀመጠችና "እማማ፣ ነጠላዎን ላንሳው?" ብላ አስፈቅዳ ገለጠችው። ግንባሯ ላይ የቀረውን ጠባሳ በጣቷ ተከተለችው፣ ወረደች፣ ወረደች፣ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ይሄስ አፍንጫዎ ላይ ያለው መቼ ነው የወጣው?" እኔ ልናደድ ነበር እውነቴን ነው፣ አይን ብለን አምጥተናት አፍንጫ ትጠይቃለች ብዬ። ለካ መልሱ እዚያ ነበር። አፍንጫ ጫፍ የሚደርሰው ነርቭ አይን ውስጥም ይገባል፣ ስለዚህ አልማዝ ባለጭራ አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ አይንንም የመንካት እድሉ ከፍተኛ ነው አለችን። ሃቺንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሀኪም በ1860ዎቹ ያስተዋለው ምልክት ነው አሉ፣ መቶ ሃምሳ አመት አልፎታል፣ ያ ሁሉ ክፍያ የተቀበለን ሰውዬ ግን አልደረሰውም!

አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስም ከውጭ የመጣ አይደለም። ልጆች ላይ የሚወጣው ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ፣ ቺክንፖክስ የሚሉት፣ እሱው ነው ነርቭ ውስጥ ተኝቶ አመታት ቆይቶ የሚነሳው። አይኗ ውስጥ ገብቶ አቁስሏት የአይኗን ግፊትም ከፍ አድርጎት ነበር። ሞራ አይደለም። ከዚህ በላይ የነገረችኝን አልያዝኩትም፣ አትጠይቁኝ።

አይን የሚያሰፋውን ጠብታ አድርገን ስንጠብቅ እማዬ ስለ ቀለሙ ጠየቀቻት። ዶክተሯም "እማማ፣ ሰው አይን ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የሚባል የለም፣ የሁላችንም ያው ቡናማው ነው፣ የፈረንጆቹ ስላነሰ ብርሃኑ ነው ሰማያዊ የሚያስመስለው። የእርስዎ በቫይረሱ የተጎዳው ቦታ ላይ ቀለሙ ስለረገፈ ነው የገረጣው" አለቻት። ቀጥላ የአንድ አሜሪካዊ ዶክተር ታሪክ ነገረችን፣ ቤት ገብቼ ሳነበው ልክ ነው፣ ኢያን ክሮዚየር ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ 2014 ሴራሊዮን ኤቦላ ሲያክም ራሱ ተይዞ አትላንታ ኤመሪ ሆስፒታል ታክሞ ዳነ፣ ወጣ። ቫይረሱ ከደሙ ከጠፋ 9 ሳምንት አልፎት ግራ አይኑ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ተገኘ፣ ሰማያዊው አይኑም አረንጓዴ ሆነ። በኋላ ማየትም ቻለ፣ ቀለሙም ተመለሰለት። እማዬ "የኔስ ይመለሳል?" ስትላት ዶክተሯ አላባበለቻትም፣ "ቀለሙ ላይመለስ ይችላል፣ እኔ የምጣላው ለማየትዎ ነው" አለቻት። እማዬ እዚያው "በቃ፣ አንቺን አምኛለሁ" አለች።

አሳይክሎቪር የሚባል የቫይረሱ ኪኒን በቀን አምስት ጊዜ ተባልን፣ ስልኬ ላይ አምስት አላርም ሞላሁ፣ የሌሊቱ ሲጮህ ወንድሜ ይረግመኛል። የሚገርመው አብረው ከታዘዙልን ጠብታዎች አንዱ ያ መድሃኒት ቤት የሸጠልን አይነት ነው! ልዩነቱ ይሄኛው ከኪኒኑ ጋር፣ ግፊቱ በየቀጠሮው እየተለካ፣ ቀስ እየተባለ እየተቀነሰ መሆኑ ነው። ብቻውን ዝም ብሎ ቢቀጠል ሊጎዳት ይችል ነበር ተባልን። እባካችሁ የአይን ጠብታ እንደ ከረሜላ አትግዙ፣ ለጎረቤትም አታውሱ።

ሌላ የምለምናችሁ፣ አልማዝ ባለጭራ ግንባር፣ የአይን ቆብ ወይም አፍንጫ ላይ የወጣበት ሰው ቤታችሁ ካለ አይኑ እስኪቀላ አትጠብቁ። መድሃኒቱ ይበልጥ የሚረዳው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ብላናለች፣ እኛ ከወር በላይ አባክነናል። ምኒልክ ሂዱ፣ ራቅ ያላችሁ ደግሞ አይን ሀኪም ያለበት ቦታ በዚያው ቀን ድረሱ፣ ዳማከሴውን ከመጣችሁ በኋላ ታሹታላችሁ።

እማዬ አሁን መጋረጃውን ከፍታ ምስር ትለቅማለች። የገረጣችው ቁራጭ አለች፣ የልጅ ልጆቿ "ፈረንጅቱ" ይሏታል፣ እሷም ደስ ብሏት ታሳያቸዋለች። ያለፈው ቀጠሮ ላይ ድፎ ዳቦ ጋግራ በሰፌድ ይዛ ሄደች፣ ዶክተሯ ቆርሳ ለሲስተሯም፣ ተራ ለሚጠብቁትም አደለችው፣ ለእኛ ቁራሽ አልተረፈንም።

ዶክተርዬ፣ ሲስተርዬ፣ እድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ። እማዬ ደግሞ ሰፌዷን እንዳትረሱባት ብላለች፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እንወስደዋለን።