ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ፦ የቤንቹን የክንፍ ተጫዋች ለመገመት ምን ያህል ይረዳል?

ነሐሴ ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊከፈት ሲል ባሕር ዳር ውስጥ ፔዳ አካባቢም ሆነ አባይ ማዶ ባሉ ኳስ ማሳያ ቤቶች ስለ ኮከቦቹ የሚነሳው ክርክር ቶሎ ያልቃል። የማያልቀው ቤንች ላይ ስለሚከርመው የክንፍ ልጅ ነው። አምና 25 ጨዋታ ላይ ታይቶ 6ቱን ብቻ ነው የጀመረው፤ በገባ ቁጥር ግን አንድ ነገር ያደርጋል። በፋንታሲው ዋጋው 5.0 ሚሊዮን ነው። አንዱ «ዘንድሮ የእሱ ዓመት ነው» ይላል፣ ሌላው «አሰልጣኙ አያምነውም» ይላል፤ ሁለቱም ለማስረጃ ስልካቸውን አውጥተው የሚከፍቱት ያው ፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግን ነው። እዚህ የምንመዝነውም ጨዋታውን በጠቅላላው ሳይሆን በዚህ አንድ ሥራ ነው፦ የተቀያሪ ክንፍ ተጫዋችን ቀጣይ ዓመት ለመገመት ይረዳል ወይ? ይረዳል፤ ግን መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባውን የነጥብ ዓምድ አልፎ ደቂቃ ለሚቆጥር ሰው ብቻ።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ እ.ኤ.አ. ከ2002/03 የውድድር ዓመት ጀምሮ ያለ፣ እውነተኞቹ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የሚሠሩትን ወደ ነጥብ የሚቀይር፣ ክፍያ የሌለው ጨዋታ ነው። በ100 ሚሊዮን የጨዋታ ፓውንድ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይና 3 አጥቂ ትገዛላችሁ፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይፈቀድም። በየሳምንቱ 11 ታሰልፋላችሁ፣ 4 ቤንች ላይ ይቀራሉ።

ለእኛ ልጅ ዋናው የነጥብ አሰጣጡ ነው። ሜዳ ገብቶ ከ60 ደቂቃ በታች የተጫወተ 1 ነጥብ፣ 60 እና ከዚያ በላይ የተጫወተ 2 ነጥብ ያገኛል። ግብ ያገባ አማካይ 5፣ አጥቂ 4፤ ለግብ የሚሆን ኳስ ያቀበለ (አሲስት) 3። ቡድኑ ግብ ሳይቆጠርበት 60 ደቂቃ የቆየ አማካይ 1 ይጨመርለታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከስሙ ጎን «አማካይ» ወይስ «አጥቂ» ተብሎ እንደተመዘገበ ማየት ነው። ምደባው በየዓመቱ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት እንደገና ይታያል፤ አምና አማካይ የነበረ ዘንድሮ አጥቂ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። 10 ግብ ለአማካይ 50 ነጥብ፣ ለአጥቂ 40 ነው። ይህን ሳያዩ የአምናውን ነጥብ ይዞ መከራከር ከንቱ ነው።

መተግበሪያው ጥሩ የሠራው ነገር አለ። የተጫዋቹን ስም ስትነኩ ያለፉት ዓመታት ታሪኩ በደቂቃ፣ በግብና ባቀበለው ኳስ ተዘርዝሮ ይወጣል። ካገኘው የግብ ዕድል ጥራት ተነስቶ «ይህን ያህል ማግባት ነበረበት» የሚለው የሚጠበቅ ግብ፣ ማለትም ኤክስጂ፣ አብሮ ይታያል። 6 አግብቶ ኤክስጂው 2.5 ከሆነ በዕድል ወይም በጥቂት ድንቅ ምቶች የመጣ ነውና በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል ብሎ መወራረድ አይመከርም። ጉድለቱ ግን ታሪኩ የፕሪሚየር ሊግ ብቻ መሆኑ ነው። ከእንግሊዝ ሁለተኛው ሊግ ከቻምፒዮንሺፕ ያደገ ወይም ከጀርመን የመጣ ልጅ ገጹ ባዶ ነው፤ እንደዚያ ላለው ቁጥሩን ከሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል።

እነዚህን ቁጥሮች እንዴት አንድ ላይ ማዋሃድ ይቻላል ለሚለው፣ በዚህ ጉዳይ የቆየ ልምድ ያላቸው የቤዝቦል ሰዎች ናቸው። በቤዝቦል በአንድ ጊዜ የሚሰለፉት አውትፊልደሮች፣ ማለትም የሜዳውን ጀርባ የሚጠብቁት፣ ሦስት ናቸው፤ አራተኛው ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፣ ደጋፊውም ውድድር በሌለባቸው ወራት «ዘንድሮ ስንት ይመታል?» እያለ ይከራከርበታል። ቶም ታንጎ የተባለው ተንታኝ ለዚህ ማርሴል የሚባል ስሌት አወጣ፤ ቀላልነቱን ለመግለጽ የሰየመው በጦጣ ስም ነው። ያለፈውን ዓመት በ5፣ ከዚያ በፊት ያለውን በ4፣ ሦስተኛውን በ3 ያባዛል። በዚያ ላይ 1200 የመምቻ ተራ የሚያህል የሊግ አማካይ ይጨምርበታል፤ ጥቂት የተጫወተ ሰው ቁጥሩ ወደ አማካዩ ይሳባል፣ ብዙ የተጫወተው ግን ብዙም አይነቃነቅም። ለዕድሜም 29ን መነሻ አድርጎ ለወጣቱ ትንሽ ይጨምራል፣ ከዚያ ላለፈው ይቀንሳል። የክንፍ ተጫዋች ሀብቱ ፍጥነት ስለሆነ እኛ መነሻውን ዝቅ እናደርገዋለን፤ 27 ካለፈ ጭማሪ አንሰጠውም።

በፋንታሲው ገጽ ላይ ባሉት ቁጥሮች ይህን መሥራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የምናስበው ልጅ አምና በ900 ደቂቃ ግብና አሲስት ተደምሮ 6፣ ከዚያ በፊት በ1200 ደቂቃ 3፣ ከዚያም በፊት በ600 ደቂቃ 1 አለው እንበል። የአምናው ብቻ ሲታይ በ90 ደቂቃ 0.60 ነው፤ ክርክሩን የሚያስነሳውም ይህ ቁጥር ነው። አሁን እናባዛ። ደቂቃው 4500፣ 4800 እና 1800፣ ድምሩ 11100። ግብና አሲስቱ 30፣ 12 እና 3፣ ድምሩ 45። በ90 ደቂቃ 0.36 ገደማ ወረደ። ቀጥሎ ማርሴል የሊግ አማካይ እንደሚጨምረው የ9000 ደቂቃ ማረጋጊያ እንጨምር፤ የተቀያሪ ክንፎች አማካይ 0.25 ነው ብለን ብናስብ 25 ግብና አሲስት ይሆናል። 70 በ20100 ደቂቃ፣ ማለትም በ90 ደቂቃ 0.31። ከአምናው ቁጥር ግማሹ ቀረ ማለት ነው። 9000ን የመረጥነው እኛ ነን፤ 6000 ያለ ሰው ልጁን ትንሽ ከፍ፣ 12000 ያለ ዝቅ አድርጎ ያገኘዋል። ትልቁ ስህተት ምንም ሳይጨምሩ መተው ነው።

ቁጥሩ ወደ ነጥብ ሲመነዘር ነገሩ የበለጠ ይጠራል። 6 ጨዋታ ጀምሮ 60 ደቂቃ ቢያልፍ 12 ነጥብ፣ 19 ጊዜ ተቀይሮ ቢገባ 19 ነጥብ። በጠቅላላው 830 ደቂቃ ቢጫወት በ0.31 ሲሰላ ወደ 3 ግብና አሲስት ነው፤ 2 ግብና 1 አሲስት ብንለው 13 ነጥብ። ድምሩ 44። በሌላ ወገን ያን ያህል ወይም ያነሰ ዋጋ ያለው፣ ማንም የማይከራከርበት የተከላካይ አማካይ 34 ጨዋታ ቢጀምር ከመገኘቱ ብቻ 68 ነጥብ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2025/26 ጀምሮ ደግሞ አማካይና አጥቂ በአንድ ጨዋታ ኳስ ማጽዳት፣ ማገድ፣ ማቋረጥ፣ መንጠቅና መልሶ ማግኘት ተደምረው 12 ከሞሉለት 2 ነጥብ ያገኛል። ይህ ሕግ ሜዳ ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን ይጠቅማል፤ 20 ደቂቃ የሚጫወት ክንፍ 12 የመከላከል ሥራ አይሞላም።

ስሌቱ የማያየው አንድ ነገር አለ፦ ደቂቃውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ። ጄሲ ሊንጋርድ እ.ኤ.አ. ጥር 2021 ከማንችስተር ዩናይትድ በውሰት ዌስትሃም ሄዶ በ16 የሊግ ጨዋታ 9 ግብ አገባ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ዩናይትድ ተመለሰ፤ በ16 የሊግ ጨዋታ፣ አብዛኛውን ከቤንች ተነስቶ፣ 2 ግብ። ከፊቱ የተሰለፉት ሰዎች አልተነሱለትም ነበር። ኮል ፓልመር ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። በ2022/23 በማንችስተር ሲቲ 14 የሊግ ጨዋታ ላይ ታይቶ ግብ አልነበረውም። ቼልሲ ሲገባ በፋንታሲው 5.0 ተተምኖ ነበር፤ ዓመቱን በ22 ግብና በ244 ነጥብ ጨረሰ። ከ22ቱ 9ኙ ፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላየ፣ የተቀያሪን ዓመት የሚለውጡት ሁለት ጥያቄዎች ይታዩታል። ከፊቱ ያለው ሰው ሄዷል ወይ? ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው እሱ ነው ወይ? ሁለቱም መልሳቸው «አይደለም» ከሆነ የዝግጅት ጨዋታ ግብ ማንንም አያታልል።

«አሁን እኮ 5 ቅያሪ ተፈቅዷል» የሚል መከራከሪያ በየዓመቱ ይመጣል። እውነት ነው፣ ሊጉ ከ2022/23 ጀምሮ 5 ቅያሪ ይፈቅዳል። ነገር ግን የጨመረው 1 ነጥብ የምታመጣዋን የመጨረሻ 15 ደቂቃ እንጂ ቋሚ ቦታውን አይደለም። እንዲያውም የሚጀምሩት ክንፎች ቀደም ብለው ስለሚወጡ ለሁለቱም ወገን ደቂቃው ተሸራረፈ።

በዚህ ጨዋታ ላይ ትልቁ ቅሬታችንም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከ11ዱ አንዱ ሳይጫወት ሲቀር ከቤንች በራሱ ይተካል፤ መተኪያው ግን የሚሠራው ተጫዋቹ 0 ደቂቃ ሲሆን ብቻ ነው። የእናንተ ልጅ 88ኛው ደቂቃ ላይ ከገባ 1 ነጥቡን ይዞ ቦታውን ዘጋ፤ ቤንች ላይ 9 ነጥብ ያመጣ ተከላካይ ቢኖራችሁም እዚያው ይቀራል። ቤንች ላይ ሲቀመጥም ያው ነው፦ በመጀመሪያው ተራ ካስቀመጣችሁት በዚያው 1 ነጥቡ ገብቶ ከኋላው ያለውን ይከለክላል። ስለዚህ ይህ ዓይነት ተጫዋች ቦታው የቤንች ሦስተኛ ተራ ነው፤ ከሁለቱ በኋላ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ጭራሽ አይነካውም፤ በዓመት ውስጥ የሚያሳጣው ነጥብ ግን ቀላል አይደለም። የ15ቱም ነጥብ የሚደመርበትን ቤንች ቡስት ለመጠቀም ባሰባችሁበት ሳምንትም ይህ ልጅ መኖር የለበትም።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መዝጊያው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ከመጀመሩ 90 ደቂቃ በፊት ነው፤ የቡድኖቹ አሰላለፍ የሚወጣው ግን 75 ደቂቃ ሲቀር። በ15 ደቂቃ ልዩነት ልጁ መጀመር አለመጀመሩን ሳታውቁ ትወስናላችሁ። በመክፈቻዎቹ ወራት የቅዳሜው ቀዳሚ ጨዋታ በእኛ ከቀኑ 8፡30 ስለሚጀምር መዝጊያው 7፡00 ነው። እንግሊዞች በጥቅምት አጋማሽ ሰዓታቸውን ወደኋላ ሲመልሱ ጨዋታው 9፡30፣ መዝጊያው 8፡00 ይሆናል፤ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ተመልሶ ወደ ቀድሞው ይሄዳል። ዓርብ ማታ ጨዋታ ባለበት ሳምንት መዝጊያው ዓርብ ነው፦ በበጋ ሰዓታቸው ከምሽቱ 2፡30፣ በክረምት ሰዓታቸው 3፡30። ስልካችሁ 13፡00 ብሎ ሲጽፍ 7 ሰዓት ማለቱ እንደሆነ አትርሱ። ቅዳሜ ገበያ የሚውል ወይም በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ዓርብ ማታ ይጨርስ፤ መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚጠፉበት ከሰዓት አለ። አሰላለፍ ስትቀይሩ የማስቀመጫውን ቁልፍ፣ ተጫዋች ስትገዙ የማረጋገጫውን ቁልፍ መንካት አለባችሁ፤ ካልሆነ የሠራችሁት በሙሉ እንዳልነበረ ይሆናል።

ስለ ዋጋው ብዙ አንልም። 5.0 የገዛችሁት 5.1 ቢሆን ስትሸጡት 5.0 ነው፤ 5.2 ሲደርስ 5.1 ታገኛላችሁ፤ ትርፉ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ታች ይጠጋጋል። ቢወርድ ግን ኪሳራው ሙሉውን የእናንተ ነው። እውነተኛው ወጪ የዝውውር ዕድል ነው፤ ዝውውር ማለት አንዱን ሸጦ ሌላ መግዛት ነው። በሳምንት 1 ነፃ ዝውውር ይሰጣል፣ እስከ 5 ይጠራቀማል፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 4 ነጥብ ይቀነሳል። 5.0 የሚያወጣ ተጫዋች ለማስተካከል ዝውውር ማውጣት፣ ያንኑ ዕድል ዋናው አጥቂያችሁ በተጎዳበት ሳምንት ማጣት ነው።

ታዲያ መቼ ይገዛ? በነሐሴ አይደለም። በፊቱ ያለው ሰው ረጅም ጉዳት ሲደርስበትና ከስሙ ጎን ቀይ ምልክት ሲወጣ፤ 75 በመቶ የሚለው ቢጫ ብዙውን ጊዜ ለጨዋታ ይደርሳልና አትቸኩሉ። ቋሚው ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ በሞሮኮ እንደተደረገው። ታኅሣሥ ውስጥ ጨዋታ ሲደራረብና ክለቡ በአውሮፓ ውድድርም ካለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በተከታታይ 2 ጨዋታ ጀምሮ በሁለቱም 60 ደቂቃ ሲያልፍ። አንድ ጊዜ መጀመር ዕረፍት ለመስጠት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ጊዜ ግን የአሰልጣኙ ሐሳብ ነው። የሁለት ሳምንት ነጥብ ያመልጣችኋል፤ የሚያመልጠው ግን ልጁ ባልተሰለፈባቸው ወራት ከምታጡት ያነሰ ነው።

በመሥሪያ ቤት ወይም በሠፈር ሊግ ለምትወዳደሩ አንድ ነገር፦ በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ሰው እኩል ነጥብ ካላቸው የሚቀድመው ጥቂት ዝውውር ያደረገው ነው። ያንን ልጅ ሦስት ጊዜ ገዝቶ ሦስት ጊዜ የሸጠው ሰው እዚያ ላይ ከኋላ ይሆናል።