ዳሊ፣ ዲኤምኤክስ ወይስ ካት 6? ለጎንደር ሆቴል የሚሆን የመብራት መቆጣጠሪያ ገመድ

ፒያሳ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ቤት ያደሰ ሰው ግድግዳ መሰንጠቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። መዶሻው ይመለሳል፣ ልስኑ ግን ይረግፋል። ስለዚህ የመብራቱን ዓይነት ከመምረጥዎ በፊት ገመዱን ይምረጡ። መብራት በመሰላል ይቀየራል፤ የተቀበረ ገመድ ግን የሚወጣው ከነልስኑ ነው።

ለመኝታ ክፍልና ለኮሪደር ወደ ዳሊ፣ ማለትም መብራትን በዲጂታል ትእዛዝ ወደሚያበራና ወደሚያደበዝዝ ሥርዓት፣ እንደማደላ ከወዲሁ ልናገር። የሚፈልገው ሁለት ሽቦ ነው፤ በአንድ መስመር እስከ 64 መብራቶችን በየአድራሻቸው ያዛል። መስመሩ 16 ቮልት አካባቢ ነው፣ ኮረንቱም ከ250 ሚሊአምፔር አይበልጥም። ፍጥነቱ በሰከንድ 1200 ቢት ብቻ በመሆኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ይስቅበት ይሆናል። ገመድ የማያማርጠው ግን በዚሁ ዝግታው ነው። የተጠማዘዘ ጥንድ አይሻም፣ መስመሩ ቅርንጫፍ ቢያወጣም ቅር አይለውም፤ ዞሮ ቀለበት እንዳይሠራ ብቻ ይጠንቀቁ። መብራቶቹ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ቢታሰሩም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ለድንጋይ ግድግዳ ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። ባለ አምስት ሽቦ፣ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ተራ የኤሌክትሪክ ገመድ ይገዛሉ፤ ሦስቱ ለፌዝ፣ ለኒውትራልና ለመሬት፣ ሁለቱ ለዳሊ። አንድ ስንጥቅ ይበቃል። ቮልቴጁ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ግን በእጅ አይነካም፣ በስልክ ሽቦም አይዘረጋም፤ ከ220 ቮልቱ በሚገባ የተነጠለ ስላልሆነ ሽፋኑ የዋናውን ኤሌክትሪክ የሚችል መሆን አለበት። የሚያስረው ሠራተኛም ሽቦዎቹን ለይቶ ይወቅ፤ 220 ቮልት ወደ ዳሊው ጫፍ ከገባ ብዙ ዕቃ ባንድ ጊዜ ሊቃጠል ይችላል።

የርዝመቱ ወሰን 300 ሜትር ነው። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ለአንድ ኪሎ ሜትር 12 ኦም ገደማ አለው፤ ደርሶ መልሱ 600 ሜትር ሲሆን 7.2 ኦም ይመጣል፤ በ250 ሚሊአምፔር ሲባዛ 1.8 ቮልት ይጠፋል። የሚፈቀደው 2 ቮልት ነው። ትርፍ የለውም ማለት ይቻላል።

እኔን ያቃጠለኝም እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ሱቅ መዳብ ተብሎ የተሸጠልኝን ጥቅል ዘርግቼ ስጨርስ፣ የኮሪደሩ ዳር ያሉት መብራቶች ትእዛዝ አልሰማ አሉ። ሽቦውን በቢላ ስፍቀው ውስጡ ነጭ ሆኖ አገኘሁት፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነበር። እንዲህ ያለው ሽቦ ኮረንት የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹሕ መዳብ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ያ 1.8 ቮልትም 2ን አልፎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ቢላዬን ሳልይዝ ሱቅ አልገባም።

ለመድረክ መብራት የተሠራው የዲኤምኤክስ ዲጂታል ሥርዓት ጠባዩ ሌላ ነው። ፈጣን ነው፣ በሰከንድ 250,000 ቢት፤ ቀለም እየተፈራረቀ የሚፈስበት የሆቴል ፊት ለፊት፣ የሠርግ አዳራሽ ወይም የጥምቀት ሰሞን መድረክ የእሱ ቦታ ነው። ያሉት 512 ቻናሎች (የትእዛዝ መስመሮች) ሲሆኑ አንድ ባለ ሦስት ቀለም መብራት ሦስቱን ስለሚወስድ 170 መብራት ላይ ያበቃል። ገመዱ ባለ 120 ኦም የተጠማዘዘ ጥንድ ይሁን፤ የማይክሮፎን ገመድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከመብራት ወደ መብራት በሰልፍ ይሄዳል፣ ቅርንጫፍ አያወጣም፣ ጫፉ ላይ 120 ኦም ሬዚስተር ይታሰርለታል። ይህ ከተዘለለ መብራቱ ይርገበገባል፤ ሰውም ጥፋቱን ከመብራቱ ይፈልጋል።

ካት 6 የሚባለው የኮምፒውተር ኔትወርክ ገመድ ኤሌክትሪኩንም ትእዛዙንም አንድ ላይ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደረጃ ከኔትወርክ ማከፋፈያው (ስዊች) አንድ መውጫ እስከ 90 ዋት ይሰጣል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ማከፋፈያውን ዩፒኤስ ላይ አስቀምጦ ሕንፃውን ሁሉ ማብራት ያጓጓል። ነገር ግን እያንዳንዱ መብራት የራሱን ገመድ ከማከፋፈያው ይጠይቃል፣ እሱም ከ100 ሜትር አይዘልም። ማራኪ ወይም አዘዞ ላይ ኮርኒሱ ያልተዘጋ አዲስ ሕንፃ ካለዎት ያስቡበት፤ ለፒያሳው ግድግዳ ግን አልመክረውም። የአሉሚኒየሙ ማታለል እዚህም አለ፤ ኃይል ስለሚሸከም ደግሞ ይግላል።

ከ0 እስከ 10 ቮልት የሚባለው ነባር ዘዴ ድምቀቱን በቮልቴጅ መጠን ያዛል እንጂ ዲጂታል አይደለም፤ ለየቡድኑ የራሱ ጥንድ ሽቦ ያስፈልገዋል፣ መስመሩ ሲረዝም የመጀመሪያውና የመጨረሻው መብራት ድምቀት ይለያያል። ለአንድ አዳራሽ ይበቃል። ኬኤንኤክስ የሚባለው የሕንፃ መቆጣጠሪያ ሥርዓት አረንጓዴ ገመድ መጋረጃና ማሞቂያም ለሚያዝ ሰው እንጂ ለመብራት ብቻ አይገዛም።

ዳሊን ከመረጡ አንድ ነገር ውሉ ላይ ያስጽፉ። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የዳሊ መብራት ከፋብሪካ የሚወጣው በሙሉ ድምቀት እንዲበራ ተደርጎ ነው። ሌሊት በ9 ሰዓት መብራት ሲመጣ የተኛው እንግዳዎ ሁሉ አብሮ ይነቃል። ማስተካከያው በፕሮግራም ጊዜ የሚደረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ባለሙያው ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት ቆጣሪው ጋ ሄደው ብሬከሩን ራስዎ አጥፍተው ያብሩት።