ቅዳሜና እሁድ በጎንደር፦ አራት ሆነው ለሚሄዱ

ለሁለት ቀን ሽርሽር ከጎንደር የተሻለ ከተማ ማግኘት ይቸግራል። የሚታየው ሁሉ በባጃጅ ይደረሳል፣ የሚበላውም አያሳፍርም። ቅር ብሎት የሚመለስ ቡድን ካለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀንና የሰዓት ነው፦ ዓርብ ማታ ገብቶ ቁርጥ ያምረዋል፣ እሁድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ ይቆማል፣ በግንቦት የፋሲል መዋኛን ሊያይ ሄዶ «ውሃው የታለ?» ይላል።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አዘዞ በኩል ስለሆነ መሃል ከተማ ለመግባት ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይቀራል። አራት ሰው አንድ ታክሲ ቢካፈል ያዋጣዋል፤ ዋጋውን ግን ሻንጣ ሳይጫን ቁረጡ። በመኪና ለሚመጣ ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመንገዱን ሁኔታ በጉዞው ዕለት ጠዋት ጠይቃችሁ ተነሱ፣ የትናንት ወሬ አይበቃም።

ማረፊያ ፒያሳ አካባቢ ያዙ፣ ግንቡ በእግር ነው። የጎንደር አልጋ ቤቶች ነጥብ የሚጥሉት በውሃ ነው። ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ነው፣ የሚጠጣው ሕዝብ ደግሞ በዝቷል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሮቶ አለው ወይ በሉ። «አለ» ከተባላችሁም ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ቧንቧውን ለአንድ ደቂቃ ክፈቱት፤ ሮቶ ያለው ግን ያልተሞላ ቤት ሞልቷል። የላይኛው ፎቅ እይታው ቢያምርም ግፊቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚደርቀው እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጃንተከል ዋርካ ሥር ተገናኙና በቀጥታ ወደ ፋሲል ግቢ ግቡ። ለአገር ቤት ሰውና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል፣ መታወቂያ ያዙ። ትኬቱን ኪስ ውስጥ አቆዩት፤ መዋኛውም በዚያው ትኬት የመታየት ልማድ ስላለ፣ ያን ቀን እንዴት እንደሆነ መስኮቱ ላይ ጠይቁ። አስጎብኚ መያዝ ተገቢ ነው። ክፍያው ለቡድን ይሁን በነፍስ ወከፍ፣ መዋኛውን ይጨምር አይጨምር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ፤ ጭቅጭቁ ሁልጊዜ የሚነሳው መውጫው ላይ ነው።

አጼ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሩ በኋላ ተከታዮቻቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨመሩበት። አጥሩ 900 ሜትር ነው፣ 12 በሮች አሉት። ብዙ ሰው የፋሲል ግንብ ፊት አንድ ሰዓት ፎቶ ሲነሳ ይቆይና የእቴጌ ምንትዋብና የአጼ በካፋ ግንቦች ጋ ሲደርስ ጸሐይ አናቱን ይበላዋል። ፎቶውን ለመጨረሻ አቆዩት። ይልቅ ግድግዳውን ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ጥቁሩ ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው፣ የመስኮቱና የበሩ ቅስት ግን በቀላ ድንጋይ ተከፍፏል። በጣሊያን ጊዜ ጥገናው በሲሚንቶ ስለተሠራ፣ በኋላ ብዙው እየተነሳ በኖራ ተተክቷል። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ጣራ አልባ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ አግኝቶታል፣ ጣሊያን በተባረረበት ጦርነትም የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጥሎበታል። ደረጃዎቹ ወጣ ገባ ናቸው፣ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ምሳ ሰዓት ላይ የመዘጋት ልማድ ስላለ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አድርጉት። ጫማ ይወልቃል (ካልሲያችሁን አስቡበት)፣ ለሴቶች ነጠላ ያስፈልጋል፣ ፍላሽ ክልክል ነው። ውስጡ ጨለምለም ስለሚል ዓይን እስኪለምድ ቁሙ፣ ከዚያ ቀና በሉ። ጣራው ከዳር እስከ ዳር ክንፍ ያለው የመልአክ ፊት ነው። ሩቅ ሆኖ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ አንዱን ረድፍ ብቻ ይዛችሁ ብትከተሉ ግን የዓይኑ አቅጣጫ ይለያያል፣ ቅንድቡም ይለያያል። ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያቃጥል ይህን ቤተ ክርስቲያን ንብ አዳነው ይባላል። ከጉዟችሁ አንድ ቦታ ብቻ የሚተርፋችሁ ከሆነ እዚህ ይሁን።

ለጸሐይ መጥለቂያ ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ነው። ባጃጁን ደርሶ መልስ ተዋዋሉት፣ ሲመሽ ከላይ መውረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ወደ ሆድ ስንመጣ፣ ዓርብና ረቡዕ ጾም ስለሆነ ዓርብ ማታ በያይነቱ ወይም ተጋቢኖ ሽሮ በሉ፣ ዓሣ የሚበላም የጣና ዓሣ ይጠይቅ። በሁዳዴ 55 ቀን ልኳንዳ ቤቶች በብዛት ስለሚዘጉ ሥጋ የምትወዱ ጉዞውን አዛውሩት። ቅዳሜ ማታ ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ቁርጥና አንድ ኪሎ ጥብስ በቂ ነው። ሥጋው የሚመዘነው ሳይጠበስ ነው፤ «ጮማ ቀላቅል» ካላችሁ እሳት ላይ ቀልጦ ያልቅና ሳህኑ ያንስባችኋል። ለጥብሱ ቀይ ሥጋ፣ ለቁርጡ ሻኛ ወይም «ታላቅ» የሚባለውን ብልት አስቆርጡና ሚዛኑ አጠገብ ቁሙ።

ከዚያ አዝማሪ ቤት። እዚህ ሰው የሚያበላሸው በትልቅ ብር ነው፤ አስቀድማችሁ ዘርዝሩ፣ አዝማሪው በየተራው ስለሚያሞግስ ሽልማቱም በየተራው ነው። ግጥም ካላችሁ «ተቀበል!» ብላችሁ ስጡት፣ መልሶ በማሲንቆ ያወጣዋል። ስለ ጓደኛችሁ ሆድ ቢገጥም አትቆጡ፣ የተከፈለበት ነው። ጠጁ ገና በመጀመሪያው ብርሌ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ስኳር በዝቶበታል፣ ወደ ቢራ ዙሩ። ለባጃጅ የማታ ሰዓት ገደብ ሊኖር ስለሚችል ከመቀመጣችሁ በፊት አስተናጋጁን ጠይቁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መዋኛው። ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ከቃሃ ወንዝ በቦይ ተመርቶ። በሌላው ጊዜ ደረቅ ነው፤ ነገር ግን አጥሩን አቅፈው የያዙት የዛፍ ሥሮች በደንብ የሚታዩት ያኔ ነው፣ ሰውም አይበዛም፣ ጸጥታም ይኖራል። በጥምቀት መምጣት የሚፈልግ አልጋ ከወራት በፊት ይያዝ፣ ዋጋውም በእጥፍ እንደሚጨምር ይወቅ። ከዚያ ሽቅብ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ናት። የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይታያል። መንገዱ ዳገት ስለሆነ በባጃጅ ወጥታችሁ በእግር ውረዱ።

ሰዓት ከተረፈ በደባርቅ መንገድ ወለቃ ቅርብ ናት፣ የሸክላ ሥራ ይሸጣል። የገዛችሁትን በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ያዙት፤ ከሻንጣ ጋር ከተጫነ መጀመሪያ የሚሰበረው እጀታው ነው።