የናሽናልስ አዲስ ማናጀር፦ ትኬት ከመግዛቴ በፊት

የቤዝቦሉ ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስ ብሌክ ቡቴራ የሚባል አዲስ ማናጀር ከቀጠረ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ "ዘንድሮስ ትኬት ትገዛለህ?" እያሉ ያሾፉብኛል። የምሠራው ዲሲ መሃል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ቻርሊ ስሎውስ ጨዋታውን በሬዲዮ ሲያስተላልፍ እየሰማሁ የመኪና ቁልፍ እቀበላለሁ። እረፍት ስሆን በአረንጓዴው መስመር ባቡር ኔቪ ያርድ ወርጄ ስታዲየም እገባለሁ። ገንዘቤን እስከከፈልኩ ድረስ ዕቃውን አገላብጬ ባየው ነውር የለውም።

ቤዝቦል ለማትከታተሉ፣ ማናጀር ማለት ዋና አሰልጣኙ ነው። እንደ እግር ኳሱ በሱፍ መስመር ዳር አይንጎራደድም። እንደ ተጫዋቾቹ ማልያ ለብሶ አብሯቸው ይቀመጣል። ሥራው በደንብ የሚታየው ኳስ ወርዋሪውን ሊቀይር ሲወጣ ነው። ሜዳው መሃል ወዳለችው ጉብታ ቀስ ብሎ ይራመዳል። እጁን ይዘረጋል። ወርዋሪው ኳሷን መዳፉ ላይ ያስቀምጥና ይወጣል። ቀጣዩ ገብቶ ካበላሸ ስታዲየሙ በሙሉ ዳኛ ይሆናል፤ እኔም ጭምር።

ናሽናልስ በማናጀር አያያዝ ስሙ የሚያኮራ አይደለም። ጂም ሪግልማን በ2011 ከ12 ጨዋታ 11ዱን አሸንፎ ስለ ውሌ እንነጋገር ቢል እሺ አላሉትም። ሲያትልን 1 ለ 0 ባሸነፈበት ቀን ሥራውን ጥሎ ሄደ። ማት ዊሊያምስ በ2014 የናሽናል ሊግ (የትልቁ ሊግ አንዱ ግማሽ) ምርጥ ማናጀር ተባለ፤ በዓመቱ ተሰናበተ። እኔን ያንገበገበኝ ግን የደስቲ ቤከር ነገር ነው። በ2016 95፣ በ2017 ደግሞ 97 ጨዋታ አሸነፈላቸው። ሁለቱንም ዓመት በጥሎ ማለፉ ስለወደቁ ውሉን አላደሱለትም። ሰውዬው ሂዩስተን ሄዶ በ2022 ዋንጫ በላ።

እርግጥ እሱን የተካው ዴቭ ማርቲኔዝም አላሳፈረንም። 2019ን በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ጀምሮ፣ ያንኑ ሂዩስተንን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ ዋንጫውን አመጣ። ከ2020 ጀምሮ ግን ሽንፈቱ ከድሉ ያልበለጠበት ዓመት የለም። በ2022 ኮከባቸውን ሁዋን ሶቶን ለሳንዲያጎ ሰጥተው ወጣቶቹን እነ ጄምስ ዉድንና ሲ ጄ ኤብራምስን ወሰዱ። ቡድኑ የልጆች ሆነ። ማርቲኔዝም ጁላይ 6፣ 2025 ላይ በ37 ድልና በ53 ሽንፈት ተባረረ።

ማናጀር ማባረር ብዙ ጊዜ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ተጫዋች መግዛት ውድ ነው፤ ማናጀር መለወጥ ርካሽ ነው። በዚያው ቀን ግን ተጫዋች የሚመርጠውና የሚሸጠው ማይክ ሪዞም አብሮ ተሸኘ። ሚጌል ካይሮ በጊዜያዊነት ይዞት ዓመቱ በ66 ድልና በ96 ሽንፈት አለቀ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ወድጄዋለሁ። ማናጀር ለመቅጠር አልተጣደፉም። መጀመሪያ የበላይ ኃላፊውን፣ የ35 ዓመቱን ፖል ቶቦኒን፣ ከቦስተን አመጡ። ከዚያ እሱ አብሮት የሚሠራውን ሰው መረጠ፦ ብሌክ ቡቴራን፣ ከታምፓ ቤይ። ልጁ ሲቀጠር 33 ዓመቱ ነበር። በትልቁ ሊግ እንዲህ ያለ ወጣት ማናጀር ከ1972 ወዲህ አልተቀጠረም። እኛ ዘንድ በዚህ ዕድሜ የዕድር ጸሐፊ እንኳ አያደርጉህም!

ትልቁ ሊግ ውስጥ አንድ ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ብዙ ሰው ይህ አስደንግጦታል፤ እኔን አላስደነገጠኝም። በ25 ዓመቱ በታችኛው ሊግ ቡድን መርቷል። በ2021 እና በ2022 ቻርልስተንን ይዞ በተከታታይ ዋንጫ በልቷል። በኋላ ታምፓ ቤይ ውስጥ የወጣቶች ማሳደጊያውን ሥራ ይመራ ነበር። ታምፓ ቤይ በትንሽ ገንዘብ ከሀብታሞቹ ጋር የሚተናነቅ ቤት ነው። ናሽናልስ እጅ ያለው ደግሞ ጄምስ ዉድ፣ ዲላን ክሩዝና ቡድኖች አዳዲስ ልጆችን በየተራ በሚመርጡበት በ2025ቱ ምርጫ በ17 ዓመቱ አንደኛ ሆኖ የተወሰደው ኢላይ ዊሊትስ ነው። እነዚህን ይዞ ልጅ ማሳደግ የሚያውቅ ሰው መቅጠር ያስኬዳል።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ቡቴራ ወደ ጉብታዋ ሲራመድ የራሱን ውሳኔ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ወይስ ከቢሮ የተሰጠውን ወረቀት? ቡድኑን የመረጠለትም፣ እሱን የቀጠረውም አንድ ቢሮ ነው። ሌላው ገንዘብ ነው። የ2025 ወርዋሪዎች ከሊጉ ጅራት ተርታ ነበሩ። ባለቤቶቹ፣ የለርነር ቤተሰብ፣ እጃቸውን ካልፈቱ ማናጀሩ ራሱ ወጥቶ አይወረውርም።

እንግዲህ ለምርጫው ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አሁን ለሚሸጡልን ቡድን 2፣ እሱም ጄምስ ዉድ ስላለ። 81ዱን የሜዳቸውን ጨዋታ የሚያጠቃልለውን ትኬት አልገዛም፤ እየመረጥኩ እገባለሁ። ልጆች ካሏችሁ አራተኛው ዙር ላይ የፕሬዚዳንቶቹ ሩጫ፣ የድሮ ፕሬዚዳንቶችን ትልልቅ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎች የሚሽቀዳደሙበት፣ እንዳያመልጣችሁ። ቴዲ ሩዝቬልት እስከ 2012 አንዴም አሸንፎ የማያውቅ ጉደኛ ነው። አዲሱን ሰውዬ ማየት የምትፈልጉ ደግሞ ሦስተኛው ቤዝ በኩል ያለውን ወንበር ያዙ። ናሽናልሶች የሚቀመጡት አንደኛው ቤዝ በኩል ስለሆነ ፊት ለፊት ታዩታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላውም ቀድሞ እናንተ ጋ ይደርሳል።