የ2018 የወላጆች መልእክት ደረሰን፦ ክፍያ ላይ ጎበዝ፣ ትምህርት ላይ ሰነፍ

ስለ ምግብ ቤትና ስለ ስልክ ሁሉም ሰው አስተያየት ይጽፋል። ትምህርት ቤት በዓመቱ መጀመሪያ ለወላጅ የሚልከውን መልእክት ግን የሚገመግም አላየሁም። የምንከፍልበት አገልግሎት እስከሆነ ድረስ ለምን ይታለፋል? ይኸው እኔ ጀመርኩት።

ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ያለ የግል ሁለተኛ ደረጃ ነው። ስሙን አልጠራም። ልጆቻችን ገና እዚያው ናቸው፣ ደግሞም ከጓደኞቼ እንደምሰማው የሌሎቹም መልእክት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከእኛ ቤት ሁለት ተማሪ አለ። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ገባች። የእህቴ ልጅ ደግሞ 12ኛ ነው፣ እናቱ ኩዌት ስለምትሠራ የሚኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ስለዚህ አንዱን መልእክት ሦስት ሰው አነበበው ማለት ነው፦ እኔ፣ እናቴና ከኩዌት ሆና እህቴ። ሦስታችንም የተናደድነው በተለያየ ገጽ ላይ ነው።

ነጥቤን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ከ10 ስድስት። ስድስቱንም ቢሆን ያገኙት በአንዲት መምህርት ምክንያት ነው፣ እሷ ባትኖር አራትም አልሰጥ።

መልእክቱ ጳጉሜን ላይ በቴሌግራም ቻናላቸው ተለቀቀ። ፒዲኤፍ ነው። የመጀመሪያው ገጽ አደይ አበባ፣ እንኳን አደረሳችሁ፣ የርእሰ መምህሩ ሰላምታ። እሺ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። እንለፈው።

ከዚያ ክፍያ ይመጣል። እዚህ ላይ ማንም አይችላቸውም! የየክፍሉ ወርሃዊ ክፍያ በሠንጠረዥ፣ የመመዝገቢያው ለብቻ፣ የሰርቪሱ እንደየሰፈሩ ርቀት፣ የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥሩ፣ በቴሌብር የሚከፍል ሰው ምን ምን እንደሚነካ ሳይቀር በምስል። ቀን ካለፈ የሚጨመረው ቅጣት ደረጃ በደረጃ ተቀምጧል። ሁሉም በጥሩ አማርኛ፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር። አንድም ጥያቄ ሳይኖረኝ ከፍዬ ጨረስኩ። የዋጋ ጭማሪው ክረምት ሳይገባ በስብሰባ ተጨቃጭቀንበት ያለፈ ጉዳይ ስለሆነ አሁን አላነሳውም። ስለ አቀራረቡ ብቻ ከተጠየቅኩ ግን አሥር ከአሥር ነው።

የዩኒፎርሙ ነገር ትንሽ ያናድዳል። ሹራቡም ጃኬቱም ከአንድ ሱቅ ብቻ ነው የሚገዛው ይላል። ለምን እንደሆነ አይልም። ዓርማውን ሸጠውልን ጨርቁን እኛ መርካቶ ብናሰፋው ምን ይቸግራቸዋል?

አሁን ወደ ዋናው። ክፍያው ሲያልቅና ትምህርቱ ሲጀምር መልእክቱ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። የምዘናው አሠራር፣ የትምህርት ካላንደሩ፣ የወላጆች ስብሰባ፣ የሥነ ምግባር ደንቡ፣ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። 9ኛ ላይ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይሄ የተጻፈው ለተማሪው አይደለም፣ ለእናቴ ነው። እናቴ አማርኛ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር የምታነብ ሰው ናት። የልጅ ልጇ ውጤት ከመቶው ስንቱ በተከታታይ ምዘና፣ ስንቱ በማጠቃለያ እንደሚያዝ ለማወቅ ግን ልጁን ራሱን መጠየቅ ነበረባት። እሱ ደግሞ የሚመቸውን ብቻ ነው የሚተረጉምላት!

ቀኑም አብሮ ተገልብጧል። ክፍያው «እስከ መስከረም 10» ሲል ትምህርት የሚጀመረው ግን «ሴፕቴምበር 15» ነው። መስከረም 5 ለማለት ነው። አንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት አቆጣጠር ማስገባት ምን የሚሉት ነገር ነው? ጣጣው ደግሞ እዚያ አላበቃም። ካላንደሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለተሠራ አንዱ የፈተና ቀን ጃንዋሪ 19 ላይ አርፏል። ቆጥሬ ሳየው ጥር 11፣ ሰኞ። ጥምቀት! ማንም ሳያየው እንደታተመ ያስታውቃል። ስንጽፍላቸው አስተካክለው ቻናሉ ላይ መልሰው ለጠፉት፣ ለዚህ አመሰግናለሁ።

የስብሰባው ሰዓት ግን ሳይስተካከል ነው ቀኑ የደረሰው። ወረቀቱ ቅዳሜ «8:30» ይላል፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት የሚል የለም። የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ስለሆነ ለጸሐፊው ከጠዋቱ 2:30 ማለት ነው። ለእናቴ ደግሞ 8:30 ማለት ከምሳ በኋላ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጥያቄዋን በወረቀት አስጽፋ ስትደርስ ወንበር እየተነሳ ነበር። ብቻዋንም አልነበረችም፣ በር ላይ ብዙ አያትና አክስት ቆመው ጥበቃውን እያፋጠጡት ነበር። ምስኪኑ ጥበቃ ምን ያድርግ? በማግሥቱ ይቅርታ የሚል መልእክት ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ «ከጠዋቱ» እና «ከቀኑ» እያሉ መጻፍ ጀምረዋል። ጥሩ። ግን ይሄ እዚህ አገር ለዘመናት የኖረ ነገር ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ትምህርት ቤት ከወላጅ ሊማረው አይገባም ነበር።

ከሁሉም በላይ የቆረቆረኝ የውጤት ገጹ ነው። አምና 12ኛ የተፈተኑ ልጆች ፎቶ፣ ትልቁ ውጤት በትልቁ ተጽፎ፣ ርችት ተደርጎበት። ልጆቹ ይገባቸዋል፣ እንኳን ደስ አላቸው። ግን ስንት ልጅ ተፈተነ? ከስንቱ ስንቱ ግማሽና ከዚያ በላይ አመጣ? የለም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ አገር አቀፉ ቁጥር ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፦ የ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015 3.2 በመቶ፣ የ2016 5.4 በመቶ፣ የ2017 8.4 በመቶ ናቸው 50 ከመቶና በላይ ያመጡት። ትምህርት ሚኒስቴር ይሄን መራራ ቁጥር በየዓመቱ በአደባባይ ከተናገረ፣ የእኛ ትምህርት ቤት የራሱን ለመናገር ምን ያሳፍረዋል? ምናልባት ከአገሩ በጣም የተሻለ ይሆናል። ከሆነ ደግሞ ርችቱን በእሱ ላይ ያድርጉት!

ይሄን የምለው ለክርክር ብዬ አይደለም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ልጁ 8ኛ ላይ ሚኒስትሪ ከተፈተነ በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ ከውጭ የሚመዝነው የለም። አራት ዓመት ሙሉ የምናየው ካርድ ትምህርት ቤቱ ራሱ የሞላውን ካርድ ነው። 90 ብሎ የሚሰጠን ማን ነው? እነሱ። 90ው እውነት መሆኑን የምናውቀው መቼ ነው? 12ኛ ላይ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ። ስለዚህ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ወረቀት ምን ያህል እውነት እንደሚነግረን ትልቅ ነገር ነው።

የእህቴን ልጅ በተመለከተ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አገላብጬ ፈለግኩ። ከውጤት ገጹ ሌላ 12ኛ ክፍል የሚለው ቃል የተገኘው የት መሰላችሁ? የክፍያ ሠንጠረዡ ውስጥ። «የቅዳሜ ቱቶሪያል፣ በተጨማሪ ክፍያ» ይላል። ከዚያ ውጪ ስለ ሞዴል ፈተና ምንም የለም። ፈተናው ከ2016 ጀምሮ ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ልጁ ኮምፒውተር ላይ መፈተን የሚለማመደው በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? የኮምፒውተር ላቡ ለ12ኛ የሚከፈተው መቼ ነው? እህቴ ይሄንኑ ከኩዌት በቴሌግራም ጠየቀቻቸው። የመጣላት መልስ «ቢሮ በአካል ቀርበው ይጠይቁ» የሚል ነው። ከኩዌት! የከፈለችበት ደረሰኝ ግን ወዲያው ነው የተረጋገጠላት።

መጽሐፍን በተመለከተ «በቅርቡ ይደርሳል» ይላል። እስከዚያ ሶፍት ኮፒው ቻናሉ ላይ ተለጥፏል። የሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ስልክ ይዞ የተገኘ ተማሪ ስልኩ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አይመለስለትም ይላል። ስልክ መከልከሉን እኔ ራሴ እደግፋለሁ። ግን መጽሐፉ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ታዲያ ልጁ ክፍል ውስጥ ምን ከፍቶ ያንብብ? ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን አስታተምን፣ በስፓይራል አስጠረዝን፣ ይሄ ወጪ ደግሞ ሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፣ የመጽሐፍ እጥረቱ የዚህ ትምህርት ቤት ብቻ ጥፋት አይደለም፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ጀምሮ ብዙ ትምህርት ቤት ሲቸገርበት የቆየ ነገር ነው። ቢያንስ ግን «ታተመ፣ አልታተመም፣ የትኛው ትምህርት ጎድሏል» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

እንግዲህ ስድስት ያሰጠኝ ገጽ ጋ ደረስን። ከመጨረሻው በፊት ያለ አንድ ገጽ ነው። የጻፈችው የ9ኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት ናት። በአማርኛ፣ በቀላሉ፣ ያለ ፎቶና ያለ ርችት።

መጀመሪያ ምን እንደተለወጠ ነገረችን። ልጆቹ 7ኛና 8ኛ ላይ ጠቅላላ ሳይንስ ብለው በአንድ ደብተር የተማሩት ዘንድሮ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆኖ ይለያያል። የኅብረተሰብ ትምህርት ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የመምህሩም የደብተሩም የፈተናውም ቁጥር ይጨምራል። ከዚያ ቀጥታ እንዲህ ትላለች፦ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ከ8ኛው ዝቅ ሊል ይችላል፣ ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት የቀነሰው በየትኛው ትምህርት እንደሆነ እዩ፣ በሁሉም ከሆነ ችግሩ እንግሊዝኛው ሊሆን ስለሚችል እኔን አነጋግሩኝ። የሒሳብ መልመጃ በየሳምንቱ መጨረሻ ደብተር ላይ መኖር እንዳለበት፣ ባዶ ገጽ ካያችሁ ልጁ አልሠራም ማለት እንደሆነ ጽፋለች። እኔ ፊዚክስ ረስቼዋለሁ፣ ባዶ ገጽ ግን አይቼ አውቃለሁ! ማንበብ ችሎ ለማስጠናት ግን ጊዜና ዕውቀት የሌለው አሳዳጊም ይሄን ማድረግ ይችላል። እናቴ ሳትቀር ገጹን አይታ «ይቺ የሰው ልጅ ናት» አለች።

የምትገኝበትን ቀንና ሰዓትም አስቀምጣለች፣ «ከቀኑ 9:30 እስከ 10:30» ብላ። ልብ በሉ፣ «ከቀኑ» ብላለች።

ሄጄ አገኘኋት። ልጄ ፊዚክስ ላይ እንደምትፈራና እጇን እንደማታወጣ ነገረችኝ። ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ይሄን የሚያውቅ መምህር ማግኘት ቀላል አይደለም። ለሌሎቹ የክፍል ኃላፊዎች እንዲህ ያለ ገጽ ለምን እንዳልተሰጣቸው አልገባኝም። ለ12ኛ አንድ እንዲህ ያለ ገጽ ቢኖር ስምንት እሰጥ ነበር።

የቴሌግራሙን ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ቻናሉ ጥሩ ነው፣ የሚጽፉት እነሱ ብቻ ስለሆኑ ማስታወቂያ አይጠፋም፣ እህቴም እኛ ባየንበት ደቂቃ ታየዋለች። የወላጆች ግሩፑ ግን አይቻልም። በበዓል ሰሞን አበባና ሻማ ይወርድበትና መሃል ላይ «ነገ ሰርቪስ የለም» የሚል መልእክት ይቀበራል። ድምፁን ዝጉት፣ ቻናሉን ግን አትዝጉ።

እዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ላስገባ ወይ ለሚል ሰው የምመክረው፦ 9ኛ ከሆነ አስገቡ። 11ኛና 12ኛ ከሆነ ግን ከመክፈላችሁ በፊት ቢሮ ገብታችሁ አምና ስንት ተፈትኖ ስንት እንዳለፈ ጠይቁ፣ በጽሑፍም ይስጧችሁ። እኔ በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ይሄንኑ በጽሑፍ አስገብቻለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። የሁለተኛው ሴሚስተር መልእክት ሲመጣ ነጥቡን አስተካክላለሁ።